ከአጎበር የተሰፋው ባሕር

ባለፈው ወር ለሥራ ሞጣ ሄጄ ነበር። ያረፍኩበት ቤት አልጋው ላይ አዲስ አጎበር ታጥፎ ጠበቀኝ። ላስቲኩን ቀድጄ ስዘረጋው ያ ሽታ ወጣ፤ መድኃኒት መድኃኒት የሚል፣ ጉሮሮ የሚከረክር፣ አፍንጫ ላይ ሙጭጭ የሚል ሽታ። ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ መስኮት ይከፍት ነበር። እኔ ግን አጎበሩን ፊቴ ላይ አድርጌ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ለእኔ ይህ የባሕር ሽታ ነው። እውነተኛውን ባሕር ያየሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ስደርስበት ሽታው ሌላ ሆኖ ባገኘው ተታለልኩ ብዬ ተናደድኩ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ቢቸና፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው የመምህራን ቤት ነው። አባቴ መምህር አበራ የዝዋይ ሰው ነው፤ ሐይቅ ዳር ተወልዶ ከመራመዱ ዋናው የቀደመለት። ተመድቦ መጥቶ ሳይንስ ያስተምራል። ሰው «አገሩን እንዴት አገኘኸው?» ሲለው «ሁሉ ጥሩ ነው፤ ውኃ ብቻ ጎደለኝ» ይላል። ጠያቂው የቧንቧውን ነገር መስሎት «እሱስ እኛንም አቃጥሎናል» ብሎ አብሮት ያዝናል።

አባቴ ልጅ ሳለ ያነበባት አንዲት የልጆች መጽሐፍ ነበረች። መጽሐፏ ጠፍታለች፤ ታሪኳ ግን ከአፉ አትጠፋም። ጀልባቸው ተሰብሮ ሰው የሌለበት ደሴት ላይ የቀሩ የሦስት ልጆች ታሪክ ናት፤ ታላቅ እህት፣ ወንድም፣ ትንሽ እህት። ክረምት ዝናቡ ቤት ሲዘጋብን ይተርክልናል። በተረከ ቁጥር ታሪኩ ይለወጣል፤ አንዴ በቁራ እንቁላል ይድናሉ፣ አንዴ በዓሣ፣ ጾም ሲሆን ደግሞ በሥራሥር። እኔ የማውቀው ደሴት የጣናን ብቻ ስለሆነ፣ ደሴት ማለት ገዳም ማለት ነበር። ሦስቱ ልጆች እንደ ደረሱ የሚመነኩሱ መስሎኝ ቆቡን ከየት አምጥተው ይሆን እያልኩ እጨነቅ ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አባቴ ታሪኩን ቲያትር አደርገዋለሁ ብሎ ተነሣ። አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ሜዳ ላይ፣ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ሣር ላይ ተቀምጦ የሚያየው። ተማሪዎች ጓጉ፤ ወላጆች ግን ወዲያው እምቢ አሉ። አንደኛው አባት እቤታችን ድረስ መጥተው፣ ልጄን አዝማሪ ላደርጋት አይደለም ትምህርት ቤት የሰደድኳት፣ ብለው ተቆጥተው ሄዱ። ማዕበል መሆን ይችላሉ፣ ጨርቅ መያዝ ይችላሉ፣ ፊት ለፊት ቆሞ መጫወት ግን ነውር ነው ተባለ። አባቴ በዚያ ቀን እራት ላይ አንድ በአንድ አየን። ዞሮ ዞሮ ከቤት አይደል፤ ታላቅ ወንድሜ ዮናስ ወንድምየው ሆነ፣ እኔ ትንሿ እህት፣ እናቴ ጥሩወርቅ ደግሞ ታላቅ እህት ሆነች። አባቴ መጀመሪያ ላይ የሚሰጥመው ካፒቴን ነው፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ ማዕበል፣ ነጎድጓድ እና ፍየል ይሆናል።

ጎረቤታችን ሲስተር አልማዝ ይህን ስትሰማ በሳቅ ሞተች። ስሙን ዮናስ ብላችሁ ባሕር ውስጥ ትጥሉታላችሁ፣ ዓሣ አንበሪውስ የታለ፣ ብላ ስትጠይቅ አባቴ ኮራ ብሎ እሱም እኔው ነኝ አላት።

ባሕሩን የሰጠችን ግን እሷ ናት። ጤና ጽሕፈት ቤት ነበር የምትሠራው። ለዓባይ በረሃ ቀበሌዎች ከመጣው አጎበር አይጥ የበሳሳው ተለይቶ ሊቃጠል ነበር፤ አስፈቅዳ በጋሪ አስጭና ላከችልን። ሰማያዊ ነበር፤ ክምር ሰማያዊ። በነካችሁት ቁጥር እጃችሁን ታጠቡ ብላ አስጠነቀቀችን፤ እኛም ታጠብን፤ ሽታው ግን ከእጅ አልፎ ከእንጀራው ጋር ገባ።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ላይ ቁጭ ብላ አንዱን አጎበር ከአንዱ ትገጥማለች፤ እኔ ክር በመርፌ ቀዳዳ አስገባለሁ። ጠዋት ስነሣ ባሕሩ አድጎ ነው የሚጠብቀኝ። መጀመሪያ ወንበሩን ዋጠ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛውን፣ በመጨረሻ የእኔንና የዮናስን አልጋ። ባሕር ላይ ተኝተን ባሕር ላይ እንነሣለን። አንድ ነገር እየተሠራ መሆኑን፣ ከእኛ ቤትም እንደሚበልጥ አውቄ ነበር፤ ሳየው ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው።

ለምን እንደሚሰፋ ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኛል ብዬ አምን ነበር። አያቴ ዘንድ ልንሻገርበት ነው።

የእማዬ አባት መሪጌታ ላቀው ሞጣ የታወቁ የቅኔ መምህር ናቸው። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸው ብቻቸውን ናቸው። ስታድግ ለአንድ ዲያቆን አጯት፤ እሷ ግን አንድ ከዝዋይ የመጣ፣ ቅኔ ቢዘርፉለት የማይገባው መምህር ወደደችና አገባችው። ያን ለት መሪጌታ ሽማግሌ ፊት ቆመው፣ እሷ ደጄን ብትረግጥ፣ እኔም ደጇን ብረግጥ ግዝት ይሁንብኝ፣ አሉ። ግዝት በእኛ አገር በንዴት የሚባል፣ በማግሥቱ የሚረሳ ነገር አይደለም። ያፈረሰው ሰው ነፍሱን ይፈራል። ቃላቸውን እንዲያነሡ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተላከ፤ ሦስቱም ጊዜ ሽማግሌው ጠላውን ጠጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። እኔና ዮናስ አያታችንን አንድም ቀን አይተናቸው አናውቅም።

ይህን ሁሉ የተረዳሁት ኋላ ነው። ያኔ የሰማሁት እማዬ ለሲስተር አልማዝ «አባቴ ዘንድማ መድረሻ የለውም» ስትል ነው። መድረሻ የሌለው ምን እንደሆነ ደግሞ አባቴ ነግሮኛል፤ ደሴት ነው። ስለዚህ ሞጣ ደሴት ናት። ደሴት ለመሻገር ባሕር ያስፈልጋል፤ ባሕር ከሌለ ምኑን ይሻገሩታል? እናቴም ባሕሩን እየሰፋች ነው። ነገሩ ግልጽ ስለነበር ማንንም አልጠየቅኩም።

መጀመሪያ ቀን ልምምድ የወጣነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሃያ ተማሪ ግራና ቀኝ ቆሞ ጠርዙን ያዘ። አባቴ ጫማውን አውልቆ ከሥሩ ገባ። ከዚያ ሜዳው ዳር ሆኖ የስፖርት መምህሩ ፊሽካ ነፋ፤ ባሕሩም ተነሣ። ክሩን እኔ ነኝ ያስገባሁት። የአይጡ ቀዳዳ የት የት እንዳለ በቃሌ አውቃለሁ። ሲነሣ ግን አላወቅኩትም። ነፋሱ ከሥር ገብቶ አሳበጠው፣ ፀሐይዋ በላዩ ላይ ተሰባበረች፣ ድምፅ ነበረው፤ ሽሽሽ የሚል ረጅም ድምፅ። መሀሉ ላይ አባቴ የሆነ አንድ ጉብታ ወዲያ ወዲህ ይሄዳል። ማዕበል ያዢዎቹ ራሳቸው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔ ወደ ኋላ ሸሽቼ ዮናስ ላይ ተለጠፍኩ፤ ዮናስም አልገፈተረኝም።

ከባሕሩ ይልቅ ያስፈራችኝ ግን እናቴ ናት። ሻሿን ፈትታ፣ ጸጉሯን በትና፣ በባዶ እግሯ ደሴታችን ላይ ወጣች። ደሴታችን አራት ዴስክ ተገጥሞ ሣር የለበሰ ነው። ከዚያ እጇን ዓይኗ ላይ አድርጋ ወደ ሩቅ እያየች «ማንም የለም?» አለች። ወጡ ጨው አንሶት እንደሆነ የምትጠይቀኝ ሴትዮ አልነበረችም። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ውስጧ እንዳለ አላውቅም ነበር። ከዴስኩ ላይ ወርጄ እማዬ እያልኩ አለቀስኩ። አባቴ ከባሕሩ ሥር ጭንቅላቱን አውጥቶ፣ ጥሩ ነው፣ ይቺን ለቅሶ እንዳትረሺያት አለኝ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቢቸና ተጫወትነው። ሰው በርጩማውን ይዞ መጣ፣ ከገበያ የሚመለሰውም አህያውን አሥሮ ቆመ። ካፒቴኑ በቆርቆሮ ነጎድጓድ መሀል ሰጠመ፤ ሴቶች ደረታቸውን ያዙ። ከዚያ ዮናስ ጨርቁ ተቦጫጭቆ፣ ጸጉሩ ተንጨብርሮ፣ በትር ይዞ ከባሕሩ ወጣ። ይህን ጊዜ አንዲት አሮጊት ከሰው መሀል ተነሥተው ቀጥ ብለው ሄዱና እግሩ ላይ ወደቁ። በእኛ አገር እንዲህ ሆኖ ከበረሃ የሚወጣ ባሕታዊ እንጂ ሌላ ማን አለ? «አባቴ፣ ከወዴት ገዳም መጡ?» ብለው ዮናስን ጠየቁት። ዮናስ ለዚህ የሚሆን ቃል አልተማረም። አሮጊቷ ቀጥለው ላማቸው ማበጧን ነገሩት። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ በትሩን ራሳቸው ላይ አድርጎ «እግዜር ይማርልዎ» አለ። ሜዳው በሙሉ አሜን አለ። ላሚቱ ድናለች አሉ፤ ዮናስም እስከ ገና ድረስ አባ ዮናስ ሲባል ከረመ።

ያ ሳምንት ሳያልቅ ከአያቴ ተማሪዎች አንዱ በቢቸና ሲያልፍ እኛ ቤት ውኃ ለመጠጣት ገባ። እንደ ቀልድ አድርጎ ነው የተናገረው። የየኔታ ዓይን እየደከመ ነው፤ መጽሐፍ ማንበብ ትተዋል፤ ሰውንም የሚለዩት አጠገባቸው ሲቀርብ ነው፤ እንዲህ ከቀጠለ ለፋሲካ የሚያዩ አይመስለኝም፣ አለ። እማዬ የስፌት መኪናውን መርገጫ መርገጥ አቆመች። ልጁ ከወጣ በኋላም አልቀጠለችም።

ማታ አባቴ ሲገባ «ሞጣ ሄደን እንጫወተው» አለችው።

አባቴ ገባው። «አይመጡም እኮ ጥሩዬ» አላት።

«ደጄን ነው ያሉት። ሜዳ አላሉም» አለች። «አባቴ ቃል ሲያስሩ ልኩን ያውቁታል፤ ያላሰሩት ነገር ካለ ሆን ብለው ትተውት ነው። ልጆቼን ሳያዩ ዓይናቸው እንዲጠፋ አልፈልግም አበራ።»

በማግሥቱ አባቴ ሞጣ ትምህርት ቤት ላለ ጓደኛው ደወለ።

የሄድነው በጭነት መኪና ነው። ባሕሩ ተጠቅልሎ ከኋላ ተጫነ፤ እኔና ዮናስ ከማዕበል ያዢዎቹ ተማሪዎች ጋር ከላዩ ተቀመጥን። ደብረ ወርቅን አለፍን። ወንዝ ባየሁ ቁጥር ዮናስን ይሄ ነው ወይ እለዋለሁ፤ ምኑ፣ ይለኛል። መኪናው ድልድይ ድልድዩን እየተሻገረ፣ አቧራ እያስነሣ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰጥም ሞጣ ገባ። ወርጄ እዬዬ አልኩ። እማዬ ምን ሆንሽ ብትለኝ፣ ባሕሩ የታለ፣ መንገዱ ክፍት አይደለም እንዴ፣ ከሆነ ለምን ከዚህ በፊት አልመጣንም፣ አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መኪናው አዙራ ቆየች።

እማዬ ለዚያ ለአያቴ ተማሪ መልእክት ሰጠችው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ነን በላቸው፣ ሌላ አትጨምር አለችው። ልጁ ተመልሶ፣ ሰምተዋል፣ ምንም አላሉም አላት።

እሑድ ሜዳው ጢም አለ። እማዬ ከአንሶላው መጋረጃ ጀርባ ሆና ነጭ ጥምጣም ባየች ቁጥር አንገቷን ታወጣለች። ካህኑ ብዙ ነበር፤ የሷ አባት ግን አልነበሩም። ፊሽካው ተነፋ። ያን ቀን እናቴ ደህና አልተጫወተችም። «ማንም የለም?» ስትል ድምፁ ያለቀባት ይመስል ነበር፤ ከፊት የተቀመጡትም ምን አለች ተባባሉ። እኔ ተናደድኩባት። ይህን ሁሉ ባሕር ሰፍታ አሁን ምን ሆነች እያልኩ።

መሀል ላይ ከሰንበቴ የሚመለስ ሰው በሜዳው ዳር ማለፍ ጀመረ። ከመሀላቸው አንድ ረጅም ሽማግሌ በቀኝ እጃቸው የተማሪ ትከሻ፣ በግራ በትር ይዘው ወደ እኛ ታጠፉ። ሰው ተነሥቶ መንገድ ለቀቀ። ባሕሩ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በርጩማ ቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም። አይቻቸው ስለማላውቅ ማን እንደሆኑ ላውቅ አልችልም ነበር። ግን የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ እጇ ነገረኝ።

የደረስነው ረኃቡ ጋ ነበር። በቲያትሩ ለሦስታችን የቀረችን አንዲት ጭብጥ ቆሎ ናት። ታላቅ እህት ቆሎዋን ለሁለት ትከፍልና ለእኔና ለዮናስ ትሰጠናለች። እኔ «አንቺስ?» እላለሁ። አልኩ። እማዬም፣ አሁን ድምፅዋ ሜዳውን ሞልቶ፣ «እኔ በልቻለሁ» አለች።

«አልበላችም» አሉ ሽማግሌው።

አልጮኹም። ግን ዕድሜ ልኩን ሲያስተምር የኖረ ድምፅ ነው፤ የመጨረሻው ሰው ድረስ ሄደ።

«ከልጅነቷ እንዲህ ናት። በልቻለሁ ካለች አልበላችም።»

አንድም ሰው አልሳቀ። የተማሪውን ትከሻ ለቀቁ። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁና ጎን ለጎን አድርገው ዳር ላይ አስቀመጡ። የቀሚሳቸውን ጫፍ እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። ከዚያ በበትራቸው ጥልቀቱን እየለኩ ባሕሩ ውስጥ ገቡ።

ማዕበል ያዢዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ጠፋቸው። ባሕሩ ይናጣል፤ ሽማግሌው መሀሉ ላይ ናቸው። የአባቴ ድምፅ ከሥር ተሰማ። «ዝቅ አድርጉት። ማዕበሉን ዝቅ አድርጉላቸው።» ሃያውም ተማሪ በጉልበቱ ተንበረከከ። ባሕሩ ቀስ ብሎ ተኛ፤ አንድ ጉብታ ብቻ ቀረ፤ አባቴ። የአያቴ በትር ነካው። ቆሙ፣ እንደገና ነካ አደረጉት፣ ድንጋይ እንደሚዞሩ ዞረውት አለፉ። አባቴ ከነሕይወቱ ዓለት ሆኖ ተኝቷል።

ዓይናቸው እውነት ውኃ አይቶ ይሁን፣ ወይስ ልጄ ባሕር ካለችው ባሕር ነው ብለው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄያቸውም አላውቅም። ያኔ ግን የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳይሰጥሙ። ቆሎዬን ጨብጬ፣ በልቤ እያንዳንዱን እርምጃቸውን እየጎተትኩ፣ ይድረሱ ይድረሱ እል ነበር።

ዮናስ እጃቸውን ይዞ ዴስኩ ላይ አወጣቸው። ቆመው ተነፈሱ። ፊታቸውን ወደ እማዬ አቅንተው «ይህ የማን ደጅ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሰው ሁሉ የእማዬን መልስ ይጠብቃል። ታዲያ አንድ ሰው መመለስ አለበት አይደል? ደግሞ የማውቀው ነገር ነው።

«የማንም አይደለም አባባ» አልኳቸው። «ደሴት ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ከነጠላቸው እጥፋት የሰንበቴውን ዳቦ አወጡ፣ ባረኩ፣ ቆረሱ። የመጀመሪያውን እናቴን አጎረሷት። እንባዋ ከዳቦው ጋር እየወረደ፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ በላች። ሁለተኛ አጎረሷት። ከዚያ እኔን አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ የብራና ደቃቅ ጽሑፍ እንደሚያነብ ሰው ረጅም ጊዜ አዩኝ። እጃቸው ሰንበቴ ሰንበቴ ይሸት ነበር። ቀጥለው ዮናስን አዩ። ሴቶች እልል ማለት ጀመሩ፤ ወንዶቹ ደግሞ ቲያትሩ እንዲህ ነው ወይ እያሉ እርስ በርስ ይጠያየቁ ነበር።

አባቴ ከባሕሩ ሥር ወጣ። ጸጉሩ ሰማያዊ ክር ሞልቶታል። ምን እንደሚያደርግ ስላልገባው የሚያውቀውን አደረገ። ከካርቶንና ከቀርከሃ የሠራናትን ጀልባ በገመድ እየጎተተ፣ በመጨረሻው ክፍል እንደተጻፈው መጣ። ሊያድነን የመጣው መርከበኛ ነው። አማቹ ፊት ቆሞ፣ ከዚህ ደሴት የምትወጡ ተሳፈሩ አለ።

ማናችንም አልተነሣንም። አያቴ ወደ ድምፁ ዞሩ። አባቴን ሲያናግሩት ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ቆይ ልጄ» አሉት፤ «ገና አሁን መድረሴ ነው።»

አባቴ ገመዱን ለቀቀና እዚያው ባሕሩ መሀል ቁጭ አለ።